ቶሎ የሚያብብ

ሰኔ 27 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የገዛሁት ሐኪሙ «ይጻፉ» ስላለኝ ነው። ባለቤቴ ዘነበች ምን እንደበላች፣ በስንት ሰዓት እንዳመማት፣ ኪኒኑን መቼ እንደዋጠች። «እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ከጎማ ቁጥር በቀር ጽፌ አላውቅም» ስለው «እንግዲህ ይልመዱ» አለኝ። ገና ልጅ ነው።

ከአዲስ አበባ ሲያሰናብተን ለብቻዬ ጠርቶ «ቤቷ ይውሰዷት፤ ያማራትን ትብላ፣ ጾምም ይቅርባት» ብሎኛል። ይህ መልካም ምልክት ነው። የባሰበትን ሰው ጨው ቀንስ፣ ቅባት አትንካ ይሉታል እንጂ ያማረህን ብላ ይሉታል? ለጎረቤታችን ለሐምዲያ ይህንኑ ስነግራት ፊቷን አዙራ የልብስ ማስጫ ገመዷን ማጥበቅ ጀመረች። ሰው የምሥራች እንኳ ሲነግሩት አይሰማም።

ከአውቶቡስ እንደወረድን በር ላይ ወንበር አውጥቼ አስቀመጥኳት። ግቢውን አየች። ግቢ ስል የአሮጌ ጎማ ክምር፣ የዛገ ቸርኬ፣ የተቃጠለ ዘይት የጠጣ መሬት ማለቴ ነው። «ሰይፌ፣ መደቡን ሳትሠራልኝ ልትቀር ነው?» አለች። ከካራቆሬ አግብቼ ሮቢት ካመጣኋት ጀምሮ የምትለምነኝ ይህንኑ ነው። መደብ። በየዓመቱ «ክረምቱ ይግባና» እላታለሁ። ክረምቱ ይገባል፣ ይወጣል፣ ጎማው ይከመራል።

ዘንድሮ ግን እሠራለሁ። መንገደኛው ሁሉ መኪናውን አቁሞ የሚያየው የአበባ መደብ።

የበላችው፦ ግማሽ ሙዝ።

ሐምሌ 1፣ እሑድ

ጎማውን አነሳሁ። ሰባ ሁለት ጎማ። ከሥሩ ጊንጥ፣ እባብ፣ የጠፋብኝ ክሪክ። ወገቤ ተቆረጠ። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። እግዜር ይየኝ፣ ቁፋሮ ላይ ነኝ።

አጥሚት አንድ ሲኒ። ጥሩ።

ሐምሌ 4

ከተፈራ ጋር ተጣላሁ። ተፈራ የችግኝ ጣቢያው ሠራተኛ ነው። ደህና ሰው ነው፣ ግን አይቸኩልም። ለሚሌኒየሙ ዛፍ ትከሉ ስለተባለ ደጁ ገበያ መስሏል። የመደቤን ልክ በእርምጃ ነገርኩት፣ ሰባት በሦስት። ቁጢጥ ብሎ በጣቱ አፈር ላይ ሣለልኝ።

«ጋሽ ሰይፉ፣ ዛፉ ከኋላ፣ ቁጥቋጦው መሃል፣ አጫጭሩ ከፊት። አንዱ ሲረግፍ ሌላው እንዲተካ አድርገን እንመርጣለን። አበባ የሌለበት ወር አይኖርዎትም።»

ደስ አለኝ። ዘነበች «ድሬዳዋ ዛፍ አምጣልኝ፣ ያንን ቀዩን» ብላ ልካኛለች። ነገርኩት። ቅጠሉ ላባ የመሰለ፣ ከጉልበቴ የማያልፍ ችግኝ አሳየኝ።

«መቼ ነው የሚያብበው?»

«ከተመቸው በአምስት ዓመቱ። ካልተመቸው ሰባትም ስምንትም።»

«ሌላ አሳየኝ።»

ጃካራንዳ አሳየኝ። እሱም ያው ዓመታት። «ቶሎ የሚያብብ ምን አለህ?» አልኩት። «ምን ያህል ቶሎ?» አለኝ። የተጣላነው እዚህ ላይ ነው። ምን ያህል ቶሎ ብሎ ጥያቄ አለ? ቶሎ ቶሎ ነው! ሰው እየሰማ ጮህኩበት። ጭቃ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ አየኝ፤ ከዚያ አንድ ቡገንቪላ አንስቶ ሰጠኝ። «ይቺ ብዙ አታስጠብቅዎትም» አለኝ።

ቤት ስገባ «ድሬዳዋውስ?» አለች። «አልቋል፣ ሰው ተሻምቶ ወስዶታል» አልኳት። በሃያ ሦስት ዓመት ትዳር ስንት ዋሽቻታለሁ፤ በችግኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሦስት ማንኪያ አጥሚት። ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት አመማት።

ሐምሌ 9

ተፈራ ቂም አልያዘም፤ መደቡን ልይ ብሎ መጣ። አንድ እፍኝ አፈር አነሳ፣ አሸተተው፣ ወረወረው። «ጋሽ ሰይፉ፣ ይህ አፈር ዘይት ጠግቧል። በዚህ ላይ አበባ ቀርቶ አረምም አይወጣ።» የመኪና ዘይት ስቀይር አሮጌውን የምደፋው እዚያ ነበር። ስንት ዓመት! ዘነበች «ተው፣ መሬቱን አትግደለው» ስትለኝ «መሬት ይሞታል እንዴ» ብዬ ስቄባታለሁ።

እስከ ጉልበቴ ቆፍሬ ማውጣት አለብኝ። ከሮቢ ወንዝ ዳር ደለል፣ ከቀወት ገበሬ ፍግ።

ተፈራ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «እትዬ ዘነበች፣ ድሬዳዋውን እኮ አስቀምጬልዎታለሁ፤ ጋሼ ሳይወስዱት ቀሩ» አላት። ዘነበች ወደ እኔ አላየችም። «ይቀመጥልኝ» አለችው።

ከሄደ በኋላ ኪኒኗን እንዳቀብላት እጇን ዘረጋች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 10

ደለል በጋሪ አራት ጊዜ። ዝናብ። ደንበኛ መለስኩ። የጀውሃ ሾፌር «ጎሚስታው አትክልተኛ ሆነ» ብሎ አላገጠብኝ። በካቻቢቴ ልለው ነበር፣ ተውኩት።

ዛሬ ያለ ድጋፍ እስከ በር መጣች። ጥሩ።

ሐምሌ 15

ደብረ ሲና ወጥቼ ጽጌረዳ አመጣሁ። ስድስት እግር፣ ሁሉም እምቡጥ ያላቸው። አሁን ይህ ነው መፍትሔው፤ ችግኝ ማሳደግ ምን አስፈለገኝ፣ ያደገውን ማምጣት ነው። ጣርማበር ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጽጌረዳው ግን ያን ብርድ ይወደዋል። የሸጠችልኝ ሴትዮ «ወዴት ነው የሚወስዱት?» አለችኝ። «ሮቢት» ስላት ከንፈሯን መጠጠች። ገንዘቤን ከተቀበለች በኋላ መሆኑ ነው።

ዘነበች አንዱን እምቡጥ በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ «ምስኪን» አለች። ለእኔ ይሁን ለአበባው አልገባኝም።

ሐምሌ 22

ጽጌረዳው ነደደ። ሌላ ቃል የለውም። ሁለት ቀን ዝናብ ቀርቶ ፀሐይ ወጣ፤ እምቡጦቹ ሳይፈነዱ ቡናማ ሆነው ቀሩ። ጆንያ ጋረድኩላቸው፣ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁ፣ ለመንኳቸው። ጽጌረዳው ደገኛ ነው፤ ሰይፉ፣ አንተስ ራስህ ከደጋ መጥተህ ይህ ሙቀት ስንት ዓመት እንዳስለቀሰህ ረሳኸው?

ልጃችን ፌቨን ከደሴ ደወለች። መምህራን ኮሌጅ ናት፣ የክረምት ኮርስ ላይ። «ልምጣ ወይ አባዬ?» አለችኝ። «ምን ያስመጣሻል፣ እየተሻላት ነው። ፈተናሽን ጨርሺ» አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ዘነበች «ምን አልካት?» አለች። «ሰላም ትልሻለች።» ዘነበች ግድግዳው ላይ ያለውን የልጅቷን ፎቶ አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

የበላችው የለም። ሻይ ሁለት ፉት።

ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገባ። ልጹም አለች። ምን በልታ ነው ምን የምትጾመው! ተቆጣሁ። ንስሐ አባቷ መጥተው «ልጄ፣ ያንቺ ሕመም ጾም ነው» አሏት። እኔን በር ድረስ ሸኘኝ ብለው ትከሻዬን ያዙና ብዙ ቆሙ። አንድ ነገር ሊሉኝ ነበር። «አባ፣ ዝናብ ሳይመጣብዎት» ብዬ ሸኘኋቸው።

ቡገንቪላዋን ምስጥ በላት። ትናንት አረንጓዴ ነበረች፣ ዛሬ ስነካት እጄ ላይ መጣች፤ ሥር የላትም። አመድ አድርጌ ነበር። አልበቃም።

ነሐሴ 8

ካና የሚባል አበባ ተከልኩ፣ ተፈራ ነው የሰጠኝ። እንደ ድንች ያለ ሥሩን ቢቀብሩት በወራት ያብባል አለ። በወራት! በአንድ ወር የሚያብብ የለውም እንዴ ይህ አገር? ያቆጠቆጠውን ነቅሎ ይስጠኝ ብዬ ነዘነዝኩት፣ ሰጠኝ።

ነሐሴ 10

ፍየል። የካናውን ቅጠል ሙልጭ። አጥሩን የከፈትኩት እኔው ነኝ፣ ፍግ ላስገባ ብዬ። ፍየሏን አባርሬ ዋርካው ድረስ ሮጥኩ። የሃምሳ አራት ዓመት ሰውዬ ድንጋይ ይዞ ፍየል ሲያሳድድ ከተማው ቆሞ አየ።

አመማት። ኪኒን ሁለት። በድጋሚ ሁለት።

ነሐሴ 15

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይላሉ። ዛሬ መንገድ ዳር ያለውን የወፍ ቆሎ አይቼ ልነቅለው ጎንበስ አልኩ፤ ሁልጊዜ ያብባል፣ ፍየልም አይነካውም። ተፈራ አጠገቤ ነበር፤ «ጋሼ፣ እሱን ካስገቡት የቀወትን እርሻ ሁሉ ይወርሳል፤ በእግዜር» አለኝ። ተውኩት። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ደፍሮ «ድሬዳዋውን ለምን አይወስዱላትም? እሷ የመረጠችው እሱን ነው» አለኝ።

«እሷ የምታየው ነው የምፈልገው» አልኩት።

እኔም የተናገርኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። የምታየው ማለቴ ቶሎ እንድታየው ማለቴ ነው። ሕመምተኛ ትዕግሥት የለውማ። ሌላ ትርጉም የለውም።

ማታ እግሯን ሳሻት እግሯ እጄ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ነሐሴ 18

ተሳካልኝ! ከከተማው በላይ ካለው ጭንጫ ኮረብታ ላይ አገኘሁት። ቀይ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከነእምቡጡ፣ ገሚሱም የፈነዳ። ፀሐይ አይፈራ፣ ምስጥ አይፈራ፣ ፍየል አትነካው። ከደብረ ሲና፣ ከችግኝ ጣቢያ ስንከራተት አፍንጫዬ ሥር ነበር። አሥራ አራት እግር ነቅዬ በጋሪ ጭኜ መጣሁ። በሁለት ረድፍ ደረደርኳቸው፣ ዙሪያቸውን ድንጋይ ከበብኩበት፣ ድንጋዩን ኖራ ቀባሁት። ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ መደብ የለም።

ዘነበች ተኝታለች። ነገ ጠዋት መስኮቱን ከፍቼ አሳያታለሁ።

ነሐሴ 19



ጠዋት መስኮቱን ሳልከፍት ሐምዲያ ወተት ይዛ ገባች። መደቡ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጣሳው ከእጇ ሊወድቅ።

«ያ ረቢ! ጋሽ ሰይፉ፣ ምን ነካዎት?»

«ምን ሆነ? አያምርም?»

«እሬት እኮ ነው!»

«እሬት መሆኑን አጣሁት? አበባውን እያየሁ።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኛ እሬት የምንተክለው ቀብር ላይ ነው። ዙሪያውን ድንጋይ አድርገን። እርስዎስ አያውቁም? የአብዱልወሃብን አባት ስንቀብር አብረውን ነበሩ እኮ፤ አፈር መልሰዋል።»

ነበርኩ። አብዱልወሃብ ባሏ ነው፤ አባቱ ሲቀበሩ አካፋ ይዤ ቆሜያለሁ፤ የእሬቱን ረድፍ፣ የድንጋዩን ክብ በዓይኔ አይቻለሁ። ኮረብታው ላይ ስነቅለው ግን ትዝ አላለኝም። በእናቴ እምላለሁ ትዝ አላለኝም። ታዲያ ድንጋዩን ማን ክበብ አለኝ? ወርዱን ማን ለካልኝ? አሁን ሄጄ ስለካው ርዝመቱ የሰው ቁመት ነው።

ሐምዲያ አለቀሰች። «አውፍ በሉኝ ጋሽ ሰይፉ፤ ዝም ማለት ነበረብኝ» አለች። እኔ መንቀል ጀመርኩ። ስነቅል መስኮቱ ከውስጥ ተከፈተ። ዘነበች በክርኗ ተደግፋ ቆማለች፤ እንዴት እንደተነሳች አላውቅም። የካራቆሬ ልጅ ናት፣ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ያደገች፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጠያቂ አያስፈልጋትም። አሥራ አራቱን እሬት አየች፣ ኖራውን አየች፣ እኔን አየች።

ሳቀች። ከሰኔ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም። እስኪያስላት ሳቀች።

«ምነው ሰይፌ፣ ቸኮልክሳ!»

ሐምዲያ እያለቀሰች ሳቀች። እኔ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ በእነሱ ፊት፣ በመንገደኛው ፊት።

ነሐሴ 20

ትናንት ያልጻፍኩት ይህ ነው። አልጋዋ ላይ ከመለስኳት በኋላ እጄን ያዘችና «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ሐኪሙ ምን አለህ?» አለች።

«ያማራትን ትብላ አለኝ።»

«አሃ» አለች። ብቻ «አሃ»። ከእኔ ቀድሞ ገብቷት ነበር፤ ቃሉ እስኪደርሳት ነበር የምትጠብቀው። እኔም ያኔ ገባኝ። አይደለም፣ ውሸት ነው፤ ሰኔ ላይ ገብቶኝ ነበር።

ቀጥላ «መደብ ስልህ የአበባ መሰለህ?» አለች።

«የምን ኖሯል?»

«የምንቀመጥበት! የጭቃ መደብ። አባቴ ደጅ ከዛፍ ሥር እንደነበረው። ከሥራ ስትገባ ቁጭ የምትልበት። አንተ እኮ ቁጭ ብለህ አታውቅም። ከጎማ ጎማ፣ ከመኪና መኪና። ስንት ዓመት መደብ መደብ ስልህ አንተ አበባ ትሰማለህ።»

«ታዲያ ክረምቱን ሙሉ ስቆፍር ለምን ዝም አልሽ?»

«ብታቆምስ ምን ልትሆን? አልጋዬ ሥር ተቀምጠህ ልታየኝ?» አለች። «ስትቆፍር ይሻልሃል። ስትሳደብ በመስኮት እሰማሃለሁ፤ ደህና ነው እላለሁ።»

ድሬዳዋውንም ጠየቅኳት። አምስት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቃለች። ሁሉም ያውቃል። «ቶሎ የሚያብበውማ ቶሎ ይረግፋል፤ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ።

ያደርግልሃል ነው ያለችው። ያደርግልናል አላለችም።

ነሐሴ 21

ደሴ ደወልኩ። «ነይ» አልኳት። ፌቨን «ለምን እስከ ዛሬ?» አላለችም፣ ግን ስልኩ ውስጥ ሰማሁት። ከእናቷ ጋር የምትሆንበትን አንድ ወር ሰረቅኳት። ይህን ይቅር ትለኝ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ አልልም።

ነሐሴ 23

ፌቨን ገባች። እናትና ልጅ አንድ አልጋ ላይ ተኝተዋል። እኔ መሬት።

ነሐሴ 27

ተፈራ ድሬዳዋውን ራሱ ይዞት መጣ። አሁን የምትመርጠው ዘነበች ናት፤ እኔ አካፋ ብቻ ነኝ። በመስኮት ታዛለች። ዛፉ ከቤቱ ራቅ ይበል፣ ሥሩ መሠረት ይገፋል። ከመሃል ቡገንቪላ ሁለት፣ ግንዳቸው እስኪጠነክር በቆርቆሮ ተከበው፤ ምስጥ እንዳያገኛቸው ጉድጓዳቸው ውስጥ የኒም ቅጠል። ከፊት ካና፣ ከሥሩ ገና የሚነሳው፣ ያቆጠቆጠው አይደለም። «ሲደርስ ይድረስ» አለች። ተፈራ እንደ ተማሪ ይሰማታል። አንድ ጊዜ «እትዬ፣ እርስዎ ነበሩ ችግኝ ጣቢያ መቀጠር የነበረብዎት» አላትና ምላሱን ነከሰ።

አንድም የሚያብብ ነገር መደቡ ላይ የለም። አፈር፣ ቆርቆሮና እንጨት ነው።

ማር በውሃ፣ ሁለት ማንኪያ።

ጳጉሜን 2

ጭቃ አቦካሁ፣ ጭድ ጨመርኩ። መደቡን ከድሬዳዋው በስተምሥራቅ ሠራሁት፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው ወደዚያ ይዞራል አለች። ዝናብ ሁለቴ ናደብኝ። በሦስተኛው ላስቲክ አለበስኩት። መቸኮል አልቻልኩም፤ ጭቃ በቁጣ አይደርቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ትለኝ ነበር ድሮ፣ ጎማ ስቸኩል። አሁን ለመናገርም ይደክማታል።

ጳጉሜን 4

አልነቃችም ቀኑን ሙሉ። ፌቨን ከንፈሯን በጥጥ ታርስላታለች። መደቡ አልደረቀም። በእሳት ላደርቀው አስቤ ተውኩት።

ጳጉሜን 6

ዘንድሮ ጳጉሜን ስድስት ናት። ጠዋት ዓይኗን ገልጣ ፌቨንን ቀኑን ጠየቀቻትና «አንድ ቀን ተመረቀልን» አለች፤ ገበያ ላይ ለምርቃት አንድ ሽንኩርት እንደተጣለላት ሰው።

ከተማው በሚሌኒየሙ አብዷል። ሬዲዮ፣ የመኪና ጡሩምባ። ፌቨንና ሐምዲያ ከነፍራሹ ተሸክመው በሩ ላይ አወጧት፣ ትራስ ደገፉላት። መደቡን አየች። ድሬዳዋውን አየች፤ ከጉልበቴ አያልፍም፣ አምስት ቅጠል።

«ተቀመጥ» አለችኝ።

«የት?»

«መደቡ ላይ ነዋ።»

ሄጄ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ጥላ የሚባል የለም። «እዚያ አይደለም። ትንሽ ወደ ግራ። ጥላው የሚያርፈው እዚያ ጋ ነው።» ወደ ግራ ሄድኩ። «ወገብህን አስደግፍ።» አስደገፍኩ። «እጅህን ምን አደረግከው? ፍታው፣ ዝም ብሎ ይቀመጥ።» ፈታሁት። ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ እጄ ሥራ ፈትቶ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር፤ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ ጡሩምባ ነፋ፤ ጎማው ተኝቷል። ልነሳ ስል «አትነሳ» አለች። ሾፌሩ «ጎሚስታ!» እያለ ተጣራ። ሐምዲያ ወጥታ አንድ ነገር ነገረችው፤ ጡሩምባው ቆመ።

ተቀመጥኩ። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ አልጠረግኩትም። ዘነበች ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። ድሬዳዋውንም አላየች፣ ካናውንም፤ እኔን ብቻ። ፌቨን አንገቷን ደፍታለች። 

«በቃ፣ አየሁህ» አለችኝ። «አሁን ተነሳ፣ ፀሐዩ ይመታሃል።»